የ1899ኙን ኳስ ስንሰፋ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

እዚህ ውስጥ የከተተኝ የልጄ የቤት ሥራ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ናት። የታሪክ መምህሯ «ከቴነሲ ታሪክ አንድ ነገር ምረጡና በእጃችሁ ሠርታችሁ አምጡ» ብለዋቸዋል። ማቅረቢያው ኅዳር 11 ነው። እሷ የመረጠችው የሰዋኒን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ነው። ሰዋኒ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ከናሽቪል ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተራራ ላይ ያለች ትንሽ የዩኒቨርሲቲ መንደር ናት። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች በ1899 በባቡር እየዞሩ በ6 ቀን 5 ጨዋታ ተጫውተው አምስቱንም አሸንፈዋል፤ አንድም ነጥብ አልተቆጠረባቸውም። (የታሪኩን ዓመታት በፈረንጅ እጽፋለሁ፣ የሥራ ቀኖቼን በእኛ።)

«አባዬ፣ የዚያን ጊዜውን ኳስ እንሥራ» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር የአሜሪካንን ፉትቦል አላውቀውም ነበር። እዚህ አገር ይህን ያህል ዓመት ኖሬ እሁድ እሁድ ጎረቤቶቼ ሲጮኹ ከመስማት አልፌ አላውቅም። ቆዳ ግን አውቃለሁ። አጎቴ መርካቶ ጫማ ሰፊ ነበር፤ ክረምት ክረምት ወስፌ እያቀበልኩት ነው ያደግሁት። ስለዚህ «እሺ» አልኳት። በሁለት ቅዳሜ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

የልክ ነገር። ኳሱ ሞላላ መሆን እንዳለበት በ1896 በሕግ ተጽፏል፤ በቁጥር ተለክቶ የተጻፈው ግን በ1912 ነው። በዚያ ሕግ ርዝመቱን ተከትሎ ዙሪያው 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወገቡ ዙሪያ 57 እስከ 58፣ ክብደቱ ከ400 እስከ 425 ግራም ገደማ ነው። የዛሬው የኮሌጅ ኳስ ወገቡ 53 ነው። ቁጥሩ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ እጅ ላይ ግን ልዩነቱ የሎሚና የሐብሐብ ያህል ነው። የ1899ኙ ከ1912ቱ የባሰ ወፍራም እንደነበር ከድሮ ፎቶግራፎች ያስታውቃል። ስለዚህ በራሴ ሥልጣን ወገቡን 60 አደረግሁት። ሌላም ምክንያት አለኝ፦ ለራግቢ ኳስ የሚሸጠው የውስጥ ጎማ፣ ማለትም ከመነዳሪው፣ ልክ እዚያ ላይ ይገጥማል።

ቆዳው አራት ቁራጭ ነው። 60 ለ 4 ሲካፈል 15፤ ለስፌት በየጎኑ 8 ሚሊ ሜትር ሲጨመር አንዱ ቁራጭ መሐሉ ላይ 16.6 ይሰፋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 36። የቅጠል ቅርጽ ነው። ልጄ በካርቶን ቅዱን አወጣች፣ በመቀስ ቆረጠችው፣ አራት ጊዜ አዟዙራ አየችው። ግራና ቀኙ እኩል አልነበረም። ካርቶኑን መሐሉ ላይ አጥፈሽ አንዴ ቁረጪው አልኳት፤ ያን ጊዜ እኩል መጣ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ቆዳ ገዛሁ። ስስት ይሁን ኩራት አላውቅም፣ ወፍራሙን መረጥኩ፤ 4 ሚሊ ሜትር። «ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ጠንካራ ነበር» ብዬ ነው። ቆረጥን። ክሩን በሰም አሸነው፤ ቀዳዳውን በየ5 ሚሊ ሜትሩ በወስፌ ወጋን። አንዱ ስፌት 72 ቀዳዳ ነው፤ አራት ስፌት 288። ከዚህ ላይ ኳሱ የሚገለበጥበትና ከመነዳሪው የሚገባበት 11 ሴንቲ ሜትር ክፍት ስለሚተው 22 ቀዳዳ ይቀነሳል። 266።

አሰፋፉ አጎቴ ጫማ የሚሰፋበት ነው፦ አንድ ክር፣ ሁለት መርፌ፣ በአንዱ ቀዳዳ ሁለቱም ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ልጄ የመጀመሪያውን ስፌት በ2 ሰዓት ጨረሰች። ጣቷን ሦስት ቦታ ወጋች። እናቷ «ይኼ የቤት ሥራ ነው የእስር ቤት ሥራ?» አለች፤ ሻይ አምጥታልን ግን ሄደች።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

አልሆነም።

ኳስ የሚሰፋው የውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ ነው፤ ካለቀ በኋላ በዚያች 11 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ሙሉው ይገለበጣል። ቆዳውን ለብ ባለ ውሃ አራስኩት፣ በማንኪያ እጀታ ገፋሁ፣ በጉጠት ሳብኩ። መሐሉ እንደ ምንም ወጣ። ጫፉ ግን ግትር አለ። አራቱ ቁራጮች በአንድ ነጥብ የሚገናኙበት ቦታ አራት እጥፍ ቆዳ ስለሆነ 4 ሚሊ ሜትሩ 16 ሆኖ ቁጭ አለ። ስቤ ስቤ ሲበቃኝ ስፌቱ ከነቆዳው ተቀደደ። እስከ ታች ድረስ፣ እንደ ሸራ።

ልጄ ምንም አላለችም። እኔም አላልኩም። ቁርጥራጩን ለጫማ እንጠቀምበታለን ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

አዲስ ቆዳ፣ 2.2 ሚሊ ሜትር። እስኪመጣ ድረስ ከልጄ ጋር ጽሑፉን ይዘናል።

ጉዞውን ያቀናበረው ሉክ ሊ የሚባል የ20 ዓመት ልጅ ነው። የቡድኑ ማናጀር ይሉታል፤ ዛሬ ቃሉን ስንሰማ የሚመጣብን ባለ ከረባት ሰውዬ ግን አይደለም። ደብዳቤ የሚጻጻፍ፣ ባቡር የሚይዝ፣ ሒሳብ የሚያወራርድ ተማሪ ነው። አሠልጣኙ ከፕሪንስተን የመጣ ቢሊ ሱተር፣ አምበሉ ሄንሪ ሳይበልስ። ለምን ያን ያህል ጨዋታ ባንድ ሳምንት አጨቁ? ገንዘብ ነው። ከጎረቤታቸው ከቫንደርቢልት ጋር በመግቢያ ገቢ አከፋፈል ተጣሉና የሁለቱ ጨዋታ ቀረ። የዓመቱ ትልቅ ገቢ እሱ ነበር። ሊ የጎደለውን ለመሙላት ወደ ቴክሳስ ጻፈ፣ ወደ ሉዊዚያና ጻፈ፤ ባቡሩ አንዴ ከተያዘ በየከተማው መቆም ያዋጣል።

ይህ ልጅ ኋላ ቴነሲን ወክሎ ሴናተር ሆኗል፣ ከ1911 እስከ 1917። ከዚያ በባሰ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ በጥር 1919 ጥቂት መኮንኖችና ወታደሮች አስከትሎ ሆላንድ ገብቶ የሸሸውን የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ይዞ ለማምጣት ሞክሯል። አልተሳካለትም። ልጄ ይህንን ስታነብ ሥራችንን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ልታዞረው ነበር፤ በግድ መለስኳት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ሁለተኛው ኳስ ተሰፋ፣ ተገለበጠም። ጫፉ ላይ ከመሰፋቱ በፊት በቢላ ቆዳውን ከውስጥ ሳሳሁት፤ ያን ጊዜ እሺ ብሎ ወጣ። ደስታችን ግን እስከ ንፊያው ነበር። ከመነዳሪው ሲሞላ አንዱ ጎን እንደ እርጉዝ ሆድ ገፋ።

ወዲያው ገባኝ፤ ራሴን ታዘብኩት። የበሬ ቆዳ ሁሉም ቦታው አንድ አይደለም። የጀርባው ይጸናል፣ የሆዱ ይለጠጣል። ቆዳ ለማትረፍ ብዬ ሦስቱን ከጀርባ፣ አንዱን ከሆድ ነው የቆረጥኩት። አጎቴ ቢያየኝ ኖሮ ወስፌውን ይቀማኝ ነበር። ለጫማ አፍንጫ ከሆድ የሚቆርጥ ሰው ያናድደው ነበር፤ «ይህ ጫማ ነው ኪስ ነው?» ይል ነበር።

የሆዱን ቁራጭ ፈትቼ ከጀርባ በተቆረጠ ተካሁት። 144 ቀዳዳ ክር ማውጣት፣ 144 እንደገና መስፋት። ማታ 5 ሰዓት ተኩል።

እሁድ፣ ጥቅምት 30

ዛሬን መዝለል አልችልም። የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው ኖቬምበር 9 ቀን 1899 ነው። ወደ እኛ ብንመልሰው ጥቅምት 30 ቀን 1892 ይሆናል፤ ከዓድዋ በኋላ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ። ልጄ ግድግዳ ላይ ካርታ ለጥፋ በየከተማው መርፌ ሰካች፣ መርፌዎቹን በተረፈው ሰም የገባ ክር አገናኘች።

ሐሙስ ኦስተን፣ ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ 12 ለ 0። ዓርብ ሂውስተን፣ ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ጋር፣ 10 ለ 0። ቅዳሜ ኒው ኦርሊንስ፣ ከቱሌን ጋር፣ 23 ለ 0። እሁድ ዕረፍት ነው፤ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ወስደው አስጎበኟቸው። ሰኞ ባተን ሩዥ፣ ከሉዊዚያና ስቴት ጋር፣ 34 ለ 0። ማክሰኞ ሜምፊስ፣ ከሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ 12 ለ 0። ድምሩ 91 ለ 0። ደርሶ መልስ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁሉም በባቡር። 21 ተጫዋቾች።

ልጄ «12 እንዴት ይመጣል? ሁለት ተችዳውን 14 አይደለም?» አለች። እኔ ተማሪ፣ እሷ አስተማሪ የነበርንበት ነገር እዚህ ላይ ተገለበጠ፤ ሕጉን እኔ አንብቤ ነበርና። ያን ጊዜ ተችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ማለፍ፣ 5 ነጥብ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚመታው 1። ሁለት ጊዜ 6፣ 12። ኳሱን ለማቆየት በ3 ሙከራ 5 ያርድ መግፋት ነበረባቸው። ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው፤ የተፈቀደው በ1906 ነው፣ በ1905 ሜዳ ላይ የሞቱት ልጆች በዝተው አገር ከታወከ በኋላ። እንግዲህ ጨዋታው ምን ቀረው? መደራረብ፣ መግፋት፣ መውደቅ፣ መርገጥ። የራስ መከላከያ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ከሜዳ የወጣ ተጫዋች አይመለስም፤ ስለዚህ የተጎዳውም አይወጣም።

ዛሬ የኮሌጅ ቡድኖች በሳምንት አንድ ጊዜ ይጫወታሉ። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች የሚደነቁበት ድሉ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሰኞ ጠዋት ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ ተረግጠህ፣ ባቡር ላይ ተኝተህ፣ ሰኞ ጠዋት ያንኑ ያልደረቀ ሹራብ መልሰህ ስታጠልቅ።

ኳሱ? ደኅና ነው። ሁሉም ጎን እኩል ነፋ። ክፍቱን በቆዳ ጠፍር ሸብበን ዘጋነው። ድሮ ከመነዳሪው የሚነፋው በአፍ ነበር፤ አፉ ታስሮ ከጠፍሩ ሥር ይወሸቃል። እኛ ፓምፕ ተጠቅመናል፤ ልጄ ይህን ጽሑፏ ላይ ሳትደብቅ ጽፋለች። የማእድ ቤት ሚዛን ላይ 455 ግራም። በ1912 ከተፈቀደው በ30 ይበልጣል። ይሁን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

የጫማው ነገር። ሥራው አጭር ነው፣ ታሪኩ ግን ደስ ይላል። ቡድኑ ከሰዋኒ ሲነሳ የጨዋታ ጫማቸው የገባበት ሻንጣ ጣቢያው ላይ ተረስቶ ቀርቶ ነበር ይባላል፤ ሊ ቴሌግራም አስደርጎ በሌላ ባቡር አስከትሎታል። ለመጠጥ ደግሞ በየከተማው ውሃ ሆዳቸው እንዳይበላሽ ከተራራው ምንጭ በበርሜል ይዘው ነው የሄዱት። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ውሃውን አስታውሰው ጫማውን ረሱ?» አለች። ከአዲስ አበባ ስንመጣ ሽሮና በርበሬ በሦስት ላስቲክ ጠቅልላ የሕክምና ወረቀታችንን ቤት ረስታ የመጣች ሴት ናት፤ አላስታወስኳትም።

ከተቀደደው ወፍራም ቆዳ የጫማ ጥርስ ቆረጥኩ። ሦስት ድርብ ቆዳ በማስቲሽ አጣብቄ፣ ከአሮጌ የሥራ ቦት ጫማዬ ሶል ሥር በአጭር ምስማር መታሁት። 4 ሚሊ ሜትሩ ቆዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመ። ወደ ውስጥ የወጡትን የምስማር ጫፎች በመዶሻ መደምደም ረስቼ አንዴ አጥልቄው ነበር። አንዴ ብቻ።

እሁድ፣ ኅዳር 7

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰዋኒ ነዳን። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። መጨረሻ ላይ መንገዱ ተራራውን ጥምዝ ጥምዝ እያለ ይወጣል፤ ከላይ ሜዳ ነው፣ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ። ሕንፃው ሁሉ የአሸዋ ድንጋይ። ያን ጊዜ ቡድኑ ይጫወትበት የነበረው ሜዳ ዛሬም አለ፤ ከ1891 ጀምሮ ኳስ አልተለየውም። እኔ ግዙፍ ስታዲየም ጠብቄ ነበር። አገር ቤት ሰፈር ውስጥ ያለ የወረዳ ሜዳ ያህላል። ሰዋኒ በ1932 ከነአላባማና ቴነሲ ጋር ትልቁን የደቡብ ምሥራቅ ሊግ ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ በ1940 ሲወጣ ግን በዚያ ሊግ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያሸንፍ ነው የወጣው። ዛሬ ለተጫዋች የትምህርት ነፃ ዕድል በማይሰጥበት ዝቅተኛ ምድብ ይጫወታል። ለእኔ ደስ ያለኝ ይኼ ነው፤ ወንበሩን ሳይሆን ሣሩን ጠብቀውታል።

ዳር ላይ ካለው ሣር ወርደን ሞከርነው። በመጀመሪያ ልጄ እንደ ዘመኑ ልጆች በአንድ እጇ ልትወረውር ሞከረች። ጣቶቿ ግማሹን እንኳ አልያዙትም። ኳሱ ከእጇ አፈትልኮ ጀርባዋ ላይ ወደቀ። እኔም ሞከርኩ፤ የእኔ መዳፍ ሰፊ ነው፣ እሱም አልሆነ። እንደ እንጀራ መሶብ በሁለት እጅ ታቅፎ መሮጥ ብቻ ነው የሚቻለው። ሕጉ መወርወርን የከለከለው ባይከለክለውም የማይሞከረውን ነገር ነው ብዬ ሳቅሁ።

እግር ላይ ሲመጣ ሌላ ኳስ ነው። የዛሬው ሹል ኳስ መሬት ሲነካ ወዴት እንደሚነጥር እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው። ይኼኛው ጫፉ ደልደል ያለ ስለሆነ ጣል ስታደርገው ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ መሬት ነክቶ ሲነሳ መምታት ነው። ሦስተኛው ላይ አገኘሁት። በልጅነቴ ከካልሲ ኳስ ጋር የለመደ እግሬ አልረሳም። ኳሱ ከፍ ብሎ ዛፎቹ ላይ ደረሰ፣ ልጄ «አባዬ!» ብላ ጮኸች፤ አንድ የአካባቢው ሰው ከመንገድ ማዶ አጨበጨበ። ያን ጊዜ በእግር አግብቶ 5 ነጥብ ማግኘት፣ ከተችዳውን እኩል፣ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ዝናብ መጣ። ልጄ መኪና ውስጥ እንግባ ስትል ኳሱን ሣሩ ላይ እንተወው አልኳት፣ 20 ደቂቃ። ቤት ገብተን መዘንነው፦ 540 ግራም። 85 ግራም ውሃ ጠጥቷል። ስፌቱ አልከፈተም። ሲጨበጥ ግን ዓሣ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ነገ ነው። የቀረን ቀለም ብቻ ነበር። ባሸነፉበት ኳስ ላይ ውጤቱን በነጭ ቀለም ጽፎ ማስቀመጥ የድሮ ልማድ ነው፤ እኛም እንጻፍ ተባባልን። ችግሩ ጨዋታው አምስት፣ ቆዳው አራት ቁራጭ። ከአራቱም አንዱን ጠፍሩ በልቶታል።

እኔ 91 ለ 0 ይጻፍ አልኩ። ባለቤቴ የዓመቱ ጠቅላላ ይጻፍ አለች፦ 12 ጨዋታ፣ 12 ድል፣ 322 ለ 10። ልጄ ሁለታችንንም አልሰማችም። «10ሩን ማን አስቆጠረ?» አለች።

ኦበርን ነው። ከጉዞው ከተመለሱ በኋላ፣ ኖቬምበር 30፣ ሞንትጎመሪ ከተማ። አሠልጣኙ ጆን ሃይዝማን ነበር፤ ዛሬ በየዓመቱ ለምርጡ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠው ሽልማት በስሙ የሚጠራው። በዚያ ዓመት በሰዋኒ ላይ ነጥብ ያስቆጠረ ሌላ ቡድን የለም። ጆርጂያ አላስቆጠረም፣ ቴነሲ 46 ለ 0 ተሸንፏል፣ ከምበርላንድ 71 ለ 0፤ ከኦበርን በኋላም ኖርዝ ካሮላይና አትላንታ ላይ 5 ለ 0 ነው የተሸነፈው። ኦበርን ግን 10 አስቆጥሮ በአንዲት ነጥብ ብቻ ተሸነፈ።

በቀጭኑ ብሩሽ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ጠፍሩ በሌለበት በኩል ጻፈችው፦ ሰዋኒ 11፣ ኦበርን 10። በአማርኛ ፊደል። መምህሯ ያነቡታል ወይ ብላት «እነግራቸዋለሁ» አለች። 1ዱ ቁጥር ላይ ቀለሙ ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ፈሰሰ፤ በጥጥ ልትጠርገው ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

ኳሱ አሁን ኩሽና ውስጥ በቡና ረከቦት ላይ ተቀምጦ እየደረቀ ነው። ከዝናቡ ወዲህ 470 ላይ ቆሟል፤ ወደ 455 አልተመለሰም።